ያለቀ ፊልም ላይ መቀስ ሲነሳ የሚሠሩ ስህተቶች

በ1999 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የጆርጅ ሉካስ «ዘ ፋንተም ሜናስ» ሲወጣ፣ አዲስ የስታር ዋርስ ፊልም አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቁ ብዙ አድናቂዎች ቅር ብሏቸው ከሲኒማ ቤት ወጡ። አንዱ ግን በሙያው ኤዲተር ነበርና ፊልሙን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ሃያ ደቂቃ የሚጠጋ ቆረጠለት። «ዘ ፋንተም ኤዲት» ተብሎም በቪዲዮ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዛሬ ለዚህ አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። እኔም ቀን ሙሉ ፊልም ስቆርጥ የምውል ሰው ስለሆንኩ ጉጉቱ ይገባኛል፤ አትንኩ አልልም። ነገር ግን ፊልሙን የሠሩትን ሰዎች የሚጎዱ፣ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አሉ።

የተነካውን እንዳልተነካ አድርጎ ማቅረብ

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። የ«ፋንተም ኤዲት» ሠሪ ስታር ዋርስ ሲጀምር ወደ ላይ የሚንሸራተተውን ቢጫ ጽሑፍ አንስቶ በቦታው የራሱን ጻፈ፤ በፊልሙ ማዘኑንና እንደገና መቁረጡን እዚያው ተናገረ። ተመልካቹ ከመጀመሪያው ደቂቃ የማንን ሥራ እንደሚያይ ያውቃል።

ከዓመታት በፊት አንድ አጭር ዘጋቢ ፊልም ኤዲት አድርጌ ነበር። አንዲት እናት ዓረብ አገር ስለሄደች ልጃቸው ይጠየቃሉ። ሰባት ሰከንድ ዝም ይላሉ። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ፤ ከዚያ «ደህና ናት» ይላሉ። ያቺን ሰባት ሰከንድ ለማትረፍ ከዳይሬክተሩ ጋር ስንት ቀን ተነጋግረናል። በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው «ፈጠን ያለ» ቅጂ ሠርቶ ለቀቀ። ጥያቄው ከማለቁ «ደህና ናት» ይመጣል። እናትየዋ ስለ ልጃቸው ግድ የሌላቸው መሰሉ። መጨረሻው ላይ የዳይሬክተሩም የእኔም ስም እንዳለ ነበር። ያየው ሰው ሁሉ በማን ላይ እንደሚፈርድ አስቡት።

ከቆረጣችሁ እዚያው ፊልሙ ውስጥ ጻፉት። ከቪዲዮው ሥር የሚቀመጥ ማብራሪያ፣ ፋይሉ በቴሌግራም ሲላላክ አብሮ አይሄድም።

«ዳይሬክተሩ የፈለገው ይህንን ነበር» ማለት

ይህን ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል። ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ ስቱዲዮው «ተች ኦቭ ኢቭል» የተባለ ፊልሙን እንደቆራረጠበት ባየ ጊዜ 58 ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። በመክፈቻው ረጅም ቀረጻ ላይ አንድ ማጀቢያ ሙዚቃ ከሚጫን፣ ካሜራው በጎዳናው ሲያልፍ ከየጭፈራ ቤቱ የሚወጣው የተለያየ ዜማ እንዲሰማ ፈልጎ ነበር። አልሰሙትም። በ1998 ኤዲተሩ ዋልተር መርች ያንን ማስታወሻ ይዞ ፊልሙን ሲያስተካክል ዌልስ ከሞተ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ መርች ግን የሚከተለው የሟቹን ቃል ነበር። እናንተ እጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ከሌለ ሥራችሁን «የእኔ ቅጂ» በሉት። ስሙ አያሳፍርም።

«ዲቪዲውን ገዝቼዋለሁ፣ የኔ ነው» ማለት

ዩታ ውስጥ ክሊን ፍሊክስ የሚባል ድርጅት እርቃንና ስድብ ያለባቸውን ትዕይንቶች ከሆሊውድ ፊልሞች እያወጣ ያከራይና ይሸጥ ነበር። ለእያንዳንዱ የተቆረጠ ቅጂ አንድ ዋና ቅጂ ስለምገዛ የከሰረ የለም ብሎ ተከራከረ። በ2006 የኮሎራዶ ፌዴራል ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። በሌላ በኩል በ2005 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ሰው ቤቱ ሆኖ ሲያይ የማይፈልገውን ትዕይንት በመሣሪያ ቢያዘልል አይከለክልም፤ ቋሚ የሆነ አዲስ ቅጂ አይፈጠር እንጂ። እኔ ልዩነቱ ተገቢ ይመስለኛል። የራስን ዓይን መጨፈንና የሰውን ሥራ ለውጦ ማሰራጨት አንድ አይደሉም።

በኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በኛው አቆጣጠር ነው) ሥራ አመንጪው ክብሩን የሚነካ ለውጥ ሲደረግበት የመቃወም መብት ሰጥቶታል። የአማርኛ ፊልም ቆራርጠው በዩቲዩብ ገንዘብ የሚሰበስቡ ልጆች ይህን ቢያነቡት እወዳለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

በጥላቻ መቁረጥ

በ2018 አንድ ሰው «ዘ ላስት ጄዳይ» ከተባለው የሁለት ሰዓት ተኩል የስታር ዋርስ ፊልም ሴቶቹን እያወጣ የ46 ደቂቃ ቅጂ ብቻ አስቀርቶ አሰራጨ። ታሪክ ለማሳጠር ወይም ለማጥራት አልነበረም፤ የሴቶቹ መኖር ራሱ ነው የከበደው። በዚያው ዓመት «ፋንተም ሜናስ» ላይ ጃር ጃር ቢንክስን የተጫወተው አሕመድ ቤስት፣ ፊልሙ ሲወጣ የወረደበት ጥላቻ ራሱን ለማጥፋት እስከማሰብ እንዳደረሰው ገለጸ። «ፋንተም ኤዲት»ን ያስወደደው አንዱ ነገር ደግሞ የዚሁ ገጸ ባሕሪ መቀነስ ነበር። ገጸ ባሕሪን መቀነስ ይቻላል፤ በሰውየው ላይ እየተሳለቁ መቀነስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዋናውን መሸሸግ

በ1988 በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ የቆዩ ፊልሞች እንዳይበላሹ የተከራከረው ራሱ ሉካስ ነበር። በ1997 የራሱን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስታር ዋርሶች በአዲስ ምስል ለዋውጦ አወጣ፤ ሰው በ1977 ሲኒማ ቤት ያየው ቅጂም ለብዙ ዓመታት በጥሩ ጥራት የማይገኝ ሆነ። አድናቂዎች ከዚህም ከዚያም ለቃቅመው የሠሩት «ዲስፔሻላይዝድ» የተባለው ቅጂ ያንን ለመመለስ ነው። መለወጡን አልነቅፍበትም፤ የራሱ ሥራ ነው። የቀድሞውን ከጎኑ አለማኖሩ ነው የከፋኝ። ለኛም ያው ነው፤ የእናንተን ያየ ሰው ዋናውን የት እንደሚያገኝ ንገሩት።

ሲጠየቁ እምቢ ማለትም አለ። ስቲቨን ሶደርበርግ ክሊን ፍሊክስን ፍርድ ቤት ከሞገቱት ዳይሬክተሮች አንዱ ነው። በ2015 ግን እሱም የስታንሊ ኩብሪክን «2001» የተባለ ፊልም በራሱ እጅ አሳጥሮ ድረ ገጹ ላይ አወጣ። የኩብሪክ ወራሾችና ዋርነር ብራዘርስ አንሳልን ሲሉት አነሳው። እኔም ያንን የማላውቀውን ሰው ጽፌ ለምኜው ነበር። ስማችንን አወጣልን፤ የእናትየዋን ሰባት ሰከንድ ግን አልመለሰውም።