ከጋሸና ላሊበላ በእግር፦ ለገና እየተጓዙ ለአረጋውያን ብር ማሰባሰብ

ለገና ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ሳምንታት የሚጓዝም አለ። እኛ የወልድያ ልጆች ጉዞውን ለሰፈራችን አረጋውያን ብርድ ልብስ መግዣ እናሰባስብበታለን። እናንተም ካሰባችሁ፣ እኛ ተቸግረን የተማርነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መንገድ ምረጡ። ለጀማሪ ከጋሸና ያለው 64 ኪሎ ሜትር ይበቃል። እስከዚያ በመኪና ሂዱ። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 28 ይውላል። ታኅሣሥ 25 ማለዳ ከጋሸና ብትነሱ በሦስተኛው ቀን ማታ ትገባላችሁ። ብቻችሁን አትሂዱ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ።

ቀጥሎ ብሩ። ከባዱ ይሄ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሰው ለምሄደው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አምስት ብር፣ አስር ብር እያለ ቃል ገባልኝ። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩ። ተደምሮ 18 ሺህ ብር ሆነ። እኔም ደስ ብሎኝ ለእናቶች «ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይደርሳችኋል» አልኩ። ከላሊበላ ስመለስ ስልክ መደወል ጀመርኩ። «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ፣ በረከትሽ ይድረሰን» ይሉኛል። ብሩ ግን ነገ፣ ከነገ ወዲያ እየተባለ ቀረ። የገባው 7 ሺህ ብቻ ነበር። ሁለት እናቶች አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ሲለብሱ አየሁ። አንደኛዋ ጫፉን ወደ ጎረቤቷ እየሳበች «ይበቃናል ልጄ» አለችኝ። ያንን ቀን አልረሳውም።

ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። በዓል አለፈ፣ ወጪ በዛ፣ ተረሳ። ስለዚህ በኪሎ ሜትር ቃል ማስገባቱን ተዉት። ቁርጥ ያለ መጠን ጠይቁ፤ ሳትነሱ በፊት ይግባ። እኛ ኅዳር ላይ እንጀምራለን።

በራሳችሁ የባንክ ሒሳብ ወይም ቴሌብር አትቀበሉ። የቤት ወጪና የአደራ ብር ከተቀላቀለ ማንም አያምናችሁም፤ እናንተም ራሳችሁ ትምታታላችሁ። የሰፈራችሁን ቅሬ (ሌላው አገር ዕድር የሚለውን) ሽማግሌዎች አነጋግሩ፤ ሦስት ሰው የሚፈርምበት ሒሳብ ይከፈት። ወሎ ውስጥ ቅሬ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። በእኛ ሰፈር ለገና ጉዞ ቀድመው ያዋጡት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ስንቅ ቀላል ነው። ጾመ ነቢያት ስለሆነ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ያዙ። ጋቢ አይቅር። ጋሸና ደጋ ናት፤ የታኅሣሥ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል።

ስለ ጫማ ግን አደራ። ለጉዞው ብላችሁ አዲስ አትግዙ። እኔ ገዝቼ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት እግሬ ውሃ ቋጠረ። ቢያንስ ወር ሙሉ ያደረጋችሁትን ያዙ። ጥፍራችሁን ከሦስት ቀን በፊት ቁረጡ። ከጋሸና ደጋ ወደ ላሊበላ አየር ማረፊያ አካባቢ ስትወርዱ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ቁጭ በሉ፤ ማሰሪያውን ከጣት በኩል ላላ፣ ከቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ አድርጉ። እግር ውሃ ከቋጠረም ቆዳውን አትላጡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ዱላ ለቁልቁለትም ሆነ ከተማው ስር ለሚጠብቃችሁ ዳገት ይረዳል።

መንገድ ላይ በየማታው አንድ ፎቶ ለሰጡት ሰዎች ላኩ። ያላዋጡትም ያኔ ይነሳሉ።

ላሊበላ ስትገቡ እግር የሚያጥቡ ሰዎች ታገኛላችሁ። አትፈሩ፣ ቁጭ በሉ። እኔ አፍሬ «ተዉ፣ ቆሻሻ ነው» ስል አንዲት ወጣት ዝም ብላ ውሃውን አፈሰሰችበት።

አሁን ብሩ ቀድሞ ስለሚገባ ብርድ ልብሱን ገዝተን አከፋፍለን ነው የምንነሳው። በጉዞው መሃል የገባው ለሁለተኛ ዙር ይሆናል። ስትመለሱ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ቁጠሩት፤ የግዢውን ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ ብር ለሰጠው ሁሉ ላኩ። ሁለተኛው ዙር ጥምቀት ሳይደርስ ይከፋፈል፤ ከዚያ ካለፈ ብርዱ ሰዎቹን ቀድሞ ያገኛቸዋል።