ፓወር ባንክ በቅመም ሚዛን፦ የከፈልነው ለዕቃው ይሁን ለትርፉ እንዴት እናውቃለን?

ባለፈው ክረምት መብራት እየሄደ ሲያስቸግረኝ ጅማ መርካቶ ወርጄ ፓወር ባንክ ገዛሁ። ላዩ ላይ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) ይላል፤ ባትሪው የሚይዘው መጠን ማለት ነው። ስልኬን አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ጠፋ። ሻጩ ጋ ስመለስ «ወንድሜ፣ ችግሩ ስልክህ ነው» አለኝ። አጠገቡ ቅመም የሚሸጡ እናት ነበሩ፤ ለምኜ በኮረሪማ ሚዛናቸው አስመዘንኩት። 150 ግራም! «ልጄ፣ ውስጡ ምንም የለም እኮ» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስገዛ እንዲህ ነው የማደርገው።

መጀመሪያ ዋጋውን በሐሳብ በትኑት። እጃችሁ የገባው ቻርጀር ቻይና ውስጥ አካላቱ ተገዝተው ተገጣጥሟል፣ ተፈትሿል (ከተፈተሸ)፣ ፋብሪካው አትርፎበታል፣ ተጭኗል፣ ቀረጥ ተከፍሎበታል፣ አስመጪውና የአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ አትርፈውበታል፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅማ ገብቷል፣ እዚህም የሱቅ ኪራይ የሚከፍል ቸርቻሪ አለ። ከፋብሪካው በር በኋላ የተጨመረው ብር ዕቃውን አላሻሻለውም። ያቀረበላችሁ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡ፤ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ። ፋብሪካው ውስጥ 50 ብር የሚያወጣ የተሻለ አካል ቢገባ፣ ጅማ ሲደርስ 50 ብር ብቻ ጨምሮ አይቀርም፤ ሁሉም ትርፉን በመቶኛ ነው የሚያሰላው። ሦስት እጅ በየተራ 20 በመቶ ቢጨምርበት 86 ብር ይሆናል። 15 በመቶ ቫት ሲመጣበት 100 ብር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ገዢ ደግሞ ለ100 ብር ልዩነት ሱቅ ይቀይራል። ስለዚህ ፋብሪካው ያቺን 50 ብር ይቀንሳታል፣ የሚቀንሳትም ከማይታይ ቦታ ነው። ከገመዱ መዳብ፣ ከባትሪው ሴል፣ ከመከላከያ ሰርኪዩቱ፣ ከሁሉም በላይ ከፍተሻው። ለጅማ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም፤ አንድ ማሳ ላይ የበቀለ ቡና በደንብ ከተለቀመና ካልተለቀመ አንድ ዋጋ አያወጣም። ለቀማ ደግሞ ብር ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ፦ በ400 ብር ገዝቶ በ500 የሚሸጥ ሰው በመግዣው ላይ 25 በመቶ ጨመረ እንጂ ትርፉ ከመሸጫው ሲታይ 20 በመቶ ነው። ኪራዩም ገና አልተቀነሰም።

ውድ ሁሉ ጥሩ ነው ማለትም አይደለም፣ ርካሽ ሁሉ ውዳቂ ነው ማለትም አይደለም። አይፎን ኤክስ በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ999 ዶላር ሲወጣ፣ ስልኩን ፈትቶ የገመተው ኢኤችኤስ ማርኪት የተባለ የገበያ ጥናት ድርጅት አካላቱን ወደ 370 ዶላር ነው ያደረሳቸው። ቀሪው በሙሉ ትርፍ ነው ብሎ የጮኸው ብዙ ነው፤ ምርምሩ፣ ሶፍትዌሩ፣ ማስታወቂያው፣ ዋስትናው ከዚያው ነው የሚወጣው። ቢሆንም ዳጎስ ያለ ትርፍ አለበት፣ ለስሙም እየከፈላችሁ ነው። በሌላ በኩል የቻይናው ስልክ አምራች ሻኦሚ በ2018 እ.ኤ.አ. ከሚሸጠው ዕቃ የማገኘው የተጣራ ትርፍ ከ5 በመቶ አይበልጥም ብሎ ቃል ገብቷል። ሌላውን ገቢ ከኢንተርኔት አገልግሎትና ከማስታወቂያ ያገኛል። አንዳንድ ርካሽ ስልክ ውስጥ ማስታወቂያ ብቅ እያለ የሚያናድዳችሁ አንድም ለዚህ ነው፤ የዋጋው ቀሪ በእናንተ ዓይን እየተከፈለ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ክቧ የባትሪ ሴል፣ ያቺ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የምትገኘው፣ ጥሩ የተባለችው እንኳ ከ3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙም አታልፍም፣ ክብደቷም 50 ግራም ትጠጋለች። 20,000 ለመሙላት ስድስት ያስፈልጋል። ሴሉ ብቻ ወደ 280 ግራም መጣ ማለት ነው፣ ቅርፊቱ ሳይቆጠር። ጠፍጣፋ ሴል ቢሆንም ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። የእኔው 150 ግራም ምን እንደነበር እናንተው አስሉት።

ጽሑፉንም አንብቡ። 20,000 በ3.7 ቮልት 74 ዋት ሰዓት (Wh) ነው፤ ደህና አምራች ይህን ቁጥር ይጽፋል። ከሥሩም ሌላ አነስ ያለ ቁጥር ያስቀምጣል፣ ወደ 12,000 ገደማ፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር በእውነት የሚወጣው እሱ ነው። ትንሹን ቁጥር የደበቀ ሻጭ ሳይሆን የጻፈ አምራች ይታመናል። ደህናው 20,000 የ5,000ን ስልክ ወደ ሦስት ጊዜ ነው የሚሞላው (12,000ው በ5 ቮልት ነው፣ የስልኩ 5,000 ግን ከዚያ ባነሰ ቮልት ስለሚለካ 12,000ን በቀጥታ ለ5,000 አታካፍሉት)፤ አራት ጊዜ ያላችሁ ዋሽቷችኋል።

ከዚያ ዞራችሁ ጠይቁ። ሦስት ሱቅ ይበቃል። አንድ ዓይነት ሞዴል ከሆነ ልዩነቱ የሻጩ ትርፍ ነውና ተከራከሩ፣ አትፈሩ። ሞዴሉ አንድ ሆኖ አንዱ ሱቅ ከሌሎቹ በግማሽ ከወረደ ግን መከራከሩን ትታችሁ ዕቃውን መርምሩ፣ ኮፒ ሊሆን ይችላል። ዋጋ ስለጨመረ ብቻ ጥራት ጨመረ አትበሉ፤ በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አልፏል። ስልኩ ያው ስልክ ነው።

በመጨረሻ ዋስትና ጠይቁ፣ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ላይ ይጻፍላችሁ። ዕቃው ስንት ጊዜ እየተመለሰ እንደሚመጣበት ከሻጩ በላይ የሚያውቅ የለም። «ሦስት ወር እቀይርልሃለሁ» ብሎ የሚፈርምና «ሲሠራ አይተሃል አይደል?» የሚል ሻጭ አንድ ዓይነት ዕቃ አልያዙም።

ሁለተኛውን ፓወር ባንክ የገዛሁት እንዲህ ነው። «ይመዘንልኝ» ስለው ልጁ ሳቀ። «ቡና ነው እንዴ የምትገዛው?» አለኝ። ግን አስመዘነልኝ፤ 410 ግራም።