ከስፓይናል (በወገብ መርፌ ከሚሰጥ ማደንዘዣ) በኋላ ራስ ምታትና ትኩሳት፦ ችግርና መፍትሄ

በሽተኛዋ ስትቀመጥ ራሷን ይፈልጣታል፣ ስትተኛ ይለቃታል፣ ትኩሳት የለም፦ መርፌው ከተወው ቀዳዳ የአከርካሪ ፈሳሽ እየፈሰሰ ነው እንጂ ኢንፌክሽን አይደለም። መፍትሄው ፈሳሽ መስጠት፣ ማስታገሻ፣ ቡና፤ ካልሆነ ብለድ ፓች (የራሷን ደም ቀዳዳው አጠገብ ወግቶ መድፈን)።

ተኝታም አይለቃትም፣ ትተኩሳለች፣ ታስመልሳለች፣ ብርሃን ትሸሻለች፦ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ማጅራት ገትር ነው። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይመጣል። ድሬዳዋ ላይ የሚያሳስተን ትኩሳቱ ነው። በ2006 ደንጊ (ትንኝ የሚያስተላልፈው ትኩሳት)፣ በ2014 ወባ ያየ ከተማ ስለሆነ የሁሉም እጅ ቀድሞ ወደዚያው ይሄዳል። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት በማግስቱ «ራሴን» ስትል ዋርዱ ቡና አስጠጣት፤ ስትተኩስ ደሟን ለወባ ላከ፤ ኔጌቲቭ ሲመጣ «እንግዲያው ደንጊ ነው» ተባለ። ትራሷን አውጥቼ በጀርባዋ አስተኛኋት፤ ምንም አልቀለላትም። አገጯን ወደ ደረቷ ላስጠጋ ስል ትከሻዋ አብሮ ተነሳ፤ አንገቷ ደርቋል። ከወገቧ የተቀዳው ፈሳሽ የሩዝ ውሃ ይመስል ነበር።

መንስኤው በአብዛኛው የእኛው የባለሙያዎቹ አፍ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ሳሊቫሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚኖረው እዚያ ነው። የግንቦትን ሙቀት እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ከአፍንጫ በታች የወረደ ማስክ ማስክ አይደለም! በሽተኛዋን አጉብጦ የሚይዘው ረዳትም ማስክ ያድርግ፣ ወሬውንም ያቁም። በተከፈተ ትሪ ላይ ማራገቢያ አይዙር። አዮዲኑ ሳይደርቅ አይወጋ። ቆዳ ማጽጃው ክሎርሄክሲዲን ከሆነ ደግሞ መርፌውና መድኃኒቱ ላይ ጠብታ እንዳይደርስ፤ ነርቭ ይጎዳል። አንድ የቡፒቫኬይን (የማደንዘዣው መድኃኒት) አምፑል ለሁለት ሰው የሚያካፍል ባለሙያ አሁንም አለ፤ ምን እንደምለው አላውቅም።

ሕክምናው፦ ደም ለካልቸር (ባክቴሪያ አብቅሎ ለመለየት)፣ ከዚያ ኤልፒ (ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት)፣ ወዲያው ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ ከቫንኮማይሲን ጋር። ኤልፒው ከዘገየ፣ ወይም ራሷን ከሳተች፣ ወይም እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጣት መድኃኒቱ ይቅደም። ላብራቶሪ አይጠበቅም። የወባው ስላይድ ፖዘቲቭ ቢሆንም ማጅራት ገትርን አይሰርዝም፤ ሁለቱም ይታከሙ።

ካልቸሩ ምንም ካላበቀለ ጀርም የሌለበት የኬሚካል ቁጣም ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም አንቲባዮቲኩን በችኮላ አታቁሙ።

ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የጀርባ ሕመም ከትኩሳት ጋር፣ እግር መድከም፣ ሽንት እምቢ ማለት፦ አልፎ አልፎ የሚገጥም የአከርካሪ መግል ነው። ኤምአርአይና ቀዶ ሐኪም በዚያው ቀን፤ ሕመሙ ባለበት ቦታ መርፌ አይግባ።