መለኪያውን አይጦቹ ካሉበት አስቀምጡት
የምሠራው መሃል አዲስ አበባ፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ አንድ የሙከራ እንስሳት ቤት ውስጥ ነው። ነጭ አይጦች፣ ጥቂት ጥንቸሎች፣ አልፎ አልፎም ጊኒ ፒጎች አሉን። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማወራው ስለ አንድ የኅዳር ሌሊት ነው።

ያን ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ስገባ ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር 21 ዲግሪ ይላል። ደህና ነው ብዬ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ። በመስኮቱ በኩል፣ ታችኛው ረድፍ ላይ፣ ከወለደች 3 ቀን የሆናት እናት ነበረች። ስምንቱም ልጆቿ ደርቀው ጠበቁኝ። እሷ ግን ገና ሰጋቱራ በአፏ እየጎተተች ልታለብሳቸው ትሞክራለች። መብራቱ ንጋት ላይ ተመልሶ፣ ማሞቂያው ክፍሉን አሙቆት፣ እኔ የማየው ቁጥር ልክ ሆኖ ነበር። ሌሊቱን ምን እንደነበረ የሚነግረኝ ግን አልነበረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይሄ ነው፦ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት መዝግቦ የሚያስቀር ቴርሞሜትር ግዙ። ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። አንዱን ታችኛው ረድፍ፣ ሌላውን ላይኛው ረድፍ ላይ፣ ኬጆቹ አጠገብ አስቀምጡ። በየጠዋቱ ሁለቱንም ቁጥር ጽፋችሁ መልሳችሁ ዜሮ አድርጉ። ለአይጥ ክፍል የሚመከረው ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ነው። ጥንቸል ከ16 እስከ 22 ነው የምትፈልገው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ አታስቀምጧቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። መደርደሪያውን ከውጭው ግድግዳ አንድ ክንድ አርቁት። የወለዱትን መሃል ረድፍ ላይ አድርጉ።

ከማሞቂያ በላይ የጠቀመን ግን ሶፍት ነው። ሽቶ የሌለው፣ ነጭ። ለአንድ ኬጅ ከ8 እስከ 10 ግራም ወረቀት ስጧቸውና ቁጭ ብላችሁ እዩ። አይጧ ጫፉን በጥርሷ ትይዛለች፣ ወደ ኋላ ትጎትታለች፣ ትሰነጥቃለች፣ ከዚያ መሃሉ ገብታ ዙሪያዋን በአፍንጫዋ እየገፋች ታነሳዋለች። ጎጆው እንደ ድፎ ዳቦ ጉብ ካለ በርዷታል ማለት ነው። እንደ ሰፌድ ከተዘረጋ ሞቋታል። እኔ ከቴርሞሜትሩ እኩል የማምነው ይሄንን ነው። መብራት በሄደ ሌሊት የሚያተርፋቸውም ያ ጎጆ ነው።

ሰጋቱራ የሚመጣው ከእንጨት ቤት ነው፤ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ከኮምፔንሳቶና ከኤምዲኤፍ የወጣ ሰጋቱራ ሙጫ አለበት። ቫርኒሽ የነካውም አይሆንም። እንደ ጥድ ሽታው የሚያውድ እንጨት ደግሞ የአይጦቹን የጉበት ኤንዛይም ይቀይራል፤ መድኃኒት የሚሞክር ተማሪ ውጤቱ ሁሉ ይበላሽበታል። እኛ መቁረጫው ድረስ ሄደን ግንዱን አይተን ነው የምንገዛው። ከዚያ ብናኙን ነፍተን፣ በኦቶክሌቭ (በግፊት በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን) አሳልፈን፣ አድርቀን እንጠቀማለን።

ከሽንታቸው የሚወጣውን የአሞኒያ ጋዝ በራሳችሁ አፍንጫ አትለኩ። ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የቆየ ሰው ሽታው አይሰማውም። መለኪያ ከሌላችሁ ከውጭ የመጣ ሰው ጠርታችሁ ኬጁ ሲከፈት ያሽትት። ዓይኑን ካቃጠለው በጣም ዘግይታችኋል። አሞኒያው ከ25 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 25) ማለፍ የለበትም። ኬጅ ስትቀይሩ ከአሮጌው ጎጆ ደረቁን እፍኝ ይዛችሁ ወደ አዲሱ አስገቡ። የራሳቸውን ሽታ ሲያገኙ ወንዶቹ ብዙም አይነካከሱም። እርጥቡን ሰጋቱራ ግን አታሻግሩ፤ እሱ ጠብ ያመጣል።

አየሩ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ጊዜ መቀየር አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው። 4 በ3 ሜትር ሆኖ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 36 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ የማውጫ ፋኑ በሰዓት ቢያንስ 360 ሜትር ኩብ ማውጣት ይኖርበታል፤ ፋኑ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። እርጥበቱ ከ30 እስከ 70 በመቶ ይሁን። ክረምት ላይ ከዚያ በላይ ይወጣል፣ ምግቡም ይሻግታል። ፔሌቱን (ተጨምቆ የተሠራውን ደረቅ ምግብ) ወለል ላይ አታስቀምጡ፤ ከተፈጨ ከ6 ወር በላይ የቆየም አትስጡ።

መብራት በቀን ለ12 ሰዓት ይበራል፣ ለ12 ሰዓት ይጠፋል። የአዲስ አበባ ፀሐይ ራሷ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትገባ ታይመሩን መሙላት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ማታ በመስኮት የሚገባው የግቢው መብራት ነው። ጥቁር መጋረጃ ስፉ። ነጭ አይጥ ዓይኑ ቀለም ስለሌለው ብርሃን ቶሎ ይጎዳዋል፤ ላይኛው ረድፍ ላይ ያሉት ከአምፖሉ ጋር ፊት ለፊት እንዳይገጥሙ።

ድምፅ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኛ ጆሮ ቀጭን ድምፅ መስማቱ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ያበቃል። አይጥ 80 ኪሎኸርዝና ከዚያ በላይ ትሰማለች። ለእናንተ ጸጥ ያለ ክፍል ለእሷ የሚጮህ ሊሆን ይችላል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አሠሩ። የሚያቃጭል ጎማ ያለውን ጋሪ ዘይት ቀቡት። ጎረቤት ግንባታ ሲጀመር ያረገዙትን ራቅ ወዳለው ክፍል አዛውሯቸው።

ውሃ በየቀኑ ነው። የጠርሙሱን ጫፍ በጣታችሁ ንኩት፤ ጠብታ ካልወጣ ጫፉ ውስጥ ያለችው ኳስ ተጣብቃለች፣ እንስሳው ውሃ አጠገብ ሆኖ በጥም ይሞታል። የሚያፈስም ሌሊት ሰጋቱራውን አርሶ ያበርዳቸዋል። ውሃ ለሚቋረጥበት ቀን ሮቶው ሁሌ ሙሉ ይሁን። ጊኒ ፒግ ካላችሁ ቫይታሚን ሲ አትርሱ፤ እንደ ሰው ሁሉ የእሷም ሰውነት አይሠራውም።

ተረኛ ስትመድቡ ለበዓል ቀን ሁለት ሰው ጻፉ። እኛ ለፋሲካ ጠዋት እንደዚያ ነው የምናደርገው፤ አንዱ ታክሲ ቢያጣ ሌላው ይደርሳል። ትርፍ ቁልፍ ጥበቃው ጋ ነው። ጋሼም መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጽፉልናል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ደግሞ ይደውሉልኛል።