ፊት የምትስሉ ከሆነ ስዕላችሁን ሳትጨርሱት አሳዩ

የእናቴን ፊት በእርሳስ ስስል 3 ሳምንት ፈጀብኝ። ከሥራ መልስ በየማታው ቁጭ እያልኩ ሽፋሽፍቷን አንድ በአንድ ሠራሁ፣ የሹራቧን ጥለት ሳይቀር። ጨርሼ ኦንላይን ስለጥፈው «እጅሽ ይባረክ»፣ «ዋው»፣ «ገራሚ ነው» የሚል ኮሜንት ጎረፈ። ደስ አለኝ፤ ስልኬን ከእጄ ማስቀመጥ ሁሉ አቃተኝ። ማታ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ጥሩ ሥራ ነው። ግን የግራ ዓይኗ ከቀኙ ከፍ ብሏል። ስዕሉን በመስታወት እዪው።» መስታወት ፊት ይዤው ቆምኩ። ልክ ነበር፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሸሽቷል። ላስተካክለው ብል ደግሞ በጣም ለስላሳና ጥቁር በሆነው 8ቢ እርሳስ ተጭኜ ያጠቆርኩት ስለሆነ ላጲስ አላነሳው አለ፣ ወረቀቱም ጎድጉዷል።

ያ ሰው ያንኑ ነገር በመጀመሪያው ቀን ቢነግረኝ ዓይኑን ለማስተካከል 2 ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም፣ ዘግይቼ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀየርኩ። ፊት መሳል የምትወዱ፣ በትርፍ ሰዓታችሁ የምትለማመዱ ሰዎች ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፦ ስዕላችሁን ላጲስ ገና በሚሠራበት ሰዓት አሳዩ።

መቼ ይለጠፍ?

ለአንድ ስዕል 2 ጊዜ መጠየቅ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው መስመሩ ብቻ ሲወጣ ነው። የጭንቅላቱ ቅርጽ፣ የዓይኖቹ መስመር፣ የአፍንጫው ጫፍ፣ የከንፈሩ መሃል፣ አገጩ፣ ጆሮው፤ በቃ። ፈዘዝ ያለ መስመር በሚያወጣ እርሳስ (ኤችቢ ወይም 2ኤች)፣ ሳትጫኑ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው። በዚህ ሰዓት ስዕሉ ገና ምንም ስለማይመስል ለሰው ማሳየት ያሳፍራል፣ እኔም አፍሬ ነበር። ነገር ግን መልክ የሚመጣውም የሚጠፋውም እዚሁ ነው። ሰው አይቶ «ቁርጥ እሷን!» የሚለው ሽፋሽፍቱ ስላማረ ሳይሆን በዓይንና በአፍንጫ፣ በአፍንጫና በአፍ መሃል ያለው ርቀት ልክ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ትልልቁ ጥላ ከተቀመጠ በኋላ፣ ዝርዝር ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ነው። ያለቀውን ሥራ ስትለጥፉ ግን ለደስታችሁ ለጥፉት። ምንም ክፋት የለውም፣ ሰው ሲያደንቅ ብርታት ይሰጣል። እርማት የምትፈልጉበትን ሰዓትና አድናቆት የምትፈልጉበትን ሰዓት አታቀላቅሉ ነው የምለው።

ከመለጠፋችሁ በፊት ራሳችሁ ልታገኙት የምትችሉትን ስህተት አግኙ። ዓይን ይለምዳል። አንድን ፊት 2 ሰዓት ካፈጠጣችሁበት ጠማማውም ቀጥ ያለ ይመስላችኋል። ስለዚህ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጡት፤ የብዙ ስልኮች የፎቶ ማስተካከያ ይህን ያደርጋል። ወዲያው አዲስ ስዕል ይሆንባችኋል፣ ያዘነበለው ነገር ይጮኻል። ከዚያ ለኩ። ቀጥ ብሎ በሚያይ ፊት ላይ ዓይን የሚውለው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት መሃል ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን ወደ ላይ ያወጣዋል፣ የጭንቅላቱ የላይኛው ክፍል ያጥርና ሰውየው ቆብ የተጫነው ይመስላል። በሁለቱ ዓይኖች መሃል ያለው ክፍተት ደግሞ አንድ ዓይን ያህላል። እነዚህ አማካይ ልኬቶች ናቸው። የምትስሉት ሰው ከነዚህ በትንሹ ይለያል፣ መልኩም ያለው በዚያች ልዩነት ውስጥ ነው።

ፎቶው ስዕላችሁን እንዳያበላሸው

ይህን ብዙ ሰው በቀላሉ ያልፈዋል፣ እኔ ግን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። አንዴ የአንድ ሽማግሌ ፊት ስዬ ለጠፍኩና 4 ሰዎች «ግንባሩ ጠቧል፣ አገጩ ገዝፏል» አሉኝ። ግማሹን አጥፍቼ ልጀምር ስል ወረቀቱን ለካሁት፤ ግንባሩ ምንም አልሆነም። ለካ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ከአገጩ በኩል ስልኬን አዘንብዬ ነው ያነሳሁት። ቅርብ የሆነው ገዘፈ፣ የራቀው ጠበበ። ሰዎቹ ያረሙት የስልኬን ስህተት ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉት ወይም ቀጥ ያለ ነገር ላይ አስደግፉት። ስልካችሁን ከስዕሉ መሃል ትይዩ ያዙት። የካሜራውን የመስመር መረብ አብሩና የወረቀቱን ጠርዞች ከመስመሮቹ ጋር አስተያዩ፣ 4ቱም ማዕዘኖች እኩል መታየት አለባቸው። አስጠግታችሁ አታንሱ። ራቅ በሉና 2 እጥፍ ዙም አድርጉ፣ በቅርብ ሲነሳ ጠርዙ ይለጠጣል።

ብርሃኑን ከመስኮት ውሰዱ፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ ወረቀቱ ላይ አትረፍ። ደመናማ ቀን በጣም ጥሩ ነው። ፍላሽ አጥፉ። እርሳስ ሲደራረብ ያብለጨልጫል፣ ብርሃን በቀጥታ ሲመታው በጣም ያጠቆራችሁት ቦታ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ሰው «ጥላህን አጥቁረው» ይላችኋል። የራሳችሁ ጥላ ወረቀቱ ላይ እንዳያርፍም ተጠንቀቁ። ስካነር ያላችሁ በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጉ፣ ቅርጹን አያዛባም፤ ብቻ ጉንጭ ላይ ያለውን ቀለል ያለ ጥላ አንዳንዴ ይበላዋል፣ ስለዚህ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ።

ያነሳችሁትን ፎቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ማሳመር ግን አይቻልም። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከወጣ ነጭ አድርጉት፣ ዙሪያውን ቁረጡ። ጥላውን በአፕ አጠቁራችሁ ብትለጥፉ ግን የሚሰጣችሁ አስተያየት ወረቀታችሁ ላይ ስላለው ስዕል አይሆንም። ቴሌግራም ላይ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩት፣ ጥራቱ አይቀንስም።

አይታችሁ የሳላችሁበትን ፎቶም አብራችሁ አሳዩ

ያለ ሪፈረንስ ፎቶ «ይመስላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሰውን ማድከም ነው። ማንን? ስዕሉንና ፎቶውን ጎን ለጎን፣ በእኩል መጠን አስቀምጡ። ዓይንና ዓይን ትይዩ ይሁን። ይህን ስታዘጋጁ ብቻ ራሳችሁ ግማሹን ስህተት ታያላችሁ።

ፎቶው ራሱም ሊዋሽ ይችላል። ሰልፊ በጣም ከቅርብ ስለሚነሳ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ያሳንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ ፎቶ፣ በ1.5 ሜትር ከተነሳው ጋር ሲተያይ፣ አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቷል። ከሰልፊ ላይ በትክክል ሥላችሁ እንኳን ሰውየውን የሚያውቁት «እሱ አይደለም» ቢሏችሁ አትገረሙ። ከቻላችሁ ከ1.5 ሜትር በላይ ርቃችሁ፣ ከአንድ ጎን ብርሃን እያገኘ ራሳችሁ አንሱት።

የሰው ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ከሆነ የሳላችሁት፣ የፎቶው መብት በአብዛኛው የፎቶ አንሺው ነው። አስፈቅዱ፣ ስሙንም ጥቀሱ። ፊቱ የተሳለው ሰውም ይጠየቅ፣ በተለይ ልጅ ከሆነ ወላጁ ሳይፈቅድ አይለጠፍ። የምትስሉት ሰው ካጣችሁ መስታወት አለላችሁ። ሰዓሊው ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1888 ፓሪስ በኖረበት ጊዜ ለሞዴል የሚከፍለው ስላልነበረው የራሱን ፊት ከ20 ጊዜ በላይ ስሏል። የራስ ፊት ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ አይሰለችም፣ ተነስቼ ልሂድ አይልም።

አጠያየቅ

«እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «አሪፍ ነው» ትባላላችሁ። መልሱ ጥያቄውን ያህላል። እኔ አሁን እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው፦ «ገና መስመር ላይ ነኝ፣ 30 ደቂቃ ሠርቼበታለሁ። ከፎቶው ጋር ስታስተያዩት በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር መሃል ያለው ርቀት ልክ ነው? ሼዲንግ (ጥላ ማስቀመጥ) ስላልጀመርኩ ቅርጹን ብቻ ንገሩኝ።» አንድ ጥያቄ፣ ቢበዛ ሁለት። ምን ያህል ጊዜ እንደተለማመዳችሁና በምን እንደምትሠሩም ጨምሩበት፣ ምክሩ በዚያ ልክ ይሆናል። የት ትለጥፉት ከተባለ፣ ብዙ ተከታይ ካለበት ገጽ ይልቅ እርስ በርስ ሥራ የሚተያዩ 10 ሰዓሊዎች ያሉበት ትንሽ ግሩፕ ይሻላል።

መሳል የማይችሉትንም አትናቁ። እነሱን ግን ስለ ሥዕል አሠራር አትጠይቋቸው። «ስንት ዓመቷ ይመስላችኋል?» በሏቸው፣ ወይም «ምን እያሰበ ይመስላል?»። የ30 ዓመት ሴት ሥላችሁ 50 ካሏችሁ፣ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ የሚወርደውን መስመር አጥቁራችሁታል ማለት ነው፣ ወይም ከዓይን ሥር ያለውን። ፈገግታ ሥላችሁ «የታመመ ይመስላል» ከተባለ ጥርሶቹን እዩ፣ አንድ በአንድ በጥቁር መስመር ለይታችኋቸው ይሆናል። ጥርስ በቀላል ግራጫ ነው የሚለየው፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይለይም።

አስተያየት ሲመጣ

ወዲያው አትመልሱ። ይህን ስል ከልቤ ነው፣ ምክንያቱም 3 ሳምንት የደከሙበትን ነገር «ጠማማ ነው» ሲባሉ የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ መከላከል ነው። ሻይ ጠጡ፣ ከዚያ ለኩ።

ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከጠቆመ እዚያ ቦታ የሆነ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ግን ላይስማሙ ይችላሉ፣ የሚሰጧችሁ መፍትሔም ሊሳሳት ይችላል። ለምሳሌ «ዓይኖቹ ተልቀዋል» ሲሏችሁ ዓይኖቹ ልክ ሆነው የጭንቅላቱ የላይኛውና የኋላው ክፍል አንሶ ሊሆን ይችላል። ዓይኑን ብታሳንሱ ሁለተኛ ስህተት ጨመራችሁ። የተጠቆመውን ቦታ ተቀበሉ፣ ምክንያቱን ግን በእርሳስ ለክታችሁ ራሳችሁ ፈልጉ።

ኮስተር ብሎ የሚናገርን ሰው ከሚሳደብ ለዩት። «አገጩ አጥሯል» የሚል ደረቅ ኮሜንት ስጦታ ነው። «መሳል ተው» የሚለው ግን ስለ ስዕሉ ምንም አልነገራችሁም፣ አጥፉትና እለፉ። የተመከራችሁትን ስታስተካክሉ ደግሞ ከማረማችሁ በፊት የነበረውንና ያረማችሁትን ጎን ለጎን አድርጋችሁ መልሳችሁ ለጥፉ። ምክሩ ሥራ ላይ መዋሉን ያየ ሰው በሚቀጥለውም ጊዜ ጊዜውን ይሰጣችኋል።

እናንተም ስጡ

የሌላ ሰው ስዕል ላይ ስህተት ፈልጎ ማግኘት የራስን ዓይን ያሠለጥናል፣ እኔ ከወሰድኩት ይልቅ ከሰጠሁት ተምሬአለሁ። ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ሙሉ እዩት። ከትልቁ ጀምሩ፤ ጭንቅላቱ ያዘነበለበት አቅጣጫ ከተሳሳተ ስለ ቅንድቡ ማውራት ከንቱ ነው። ቦታውን በትክክል ጥቀሱ፦ «የቀኝ ጆሮው ወርዷል፣ ፎቶው ላይ ጫፉ ከቅንድቡ ጋር እኩል ነው»። የሠመረውንም ንገሩት፣ ግን ለማስደሰት ሳይሆን ሲያርም አብሮ እንዳያጠፋው። ስዕሉ ላይ መስመር አስምራችሁ ልታሳዩት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ «ላሳይህ?» በሉ፣ ሰው ሥራው ሳይጠየቅ ሲነካበት ይከፋዋል። አምስት ሰው የተናገረውን ስድስተኛ ሆናችሁ አትድገሙት።

እኔ የተሰጠኝን እርማት ሁሉ በቀን እየለየሁ አንድ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ስገልጠው አንድ ነገር ይደጋገማል፦ የግራ ዓይን ከፍ ማለት። አሁን ማንኛውንም ፊት ስጀምር መጀመሪያ የዓይኖቹን መስመር በማስመሪያ አሰምራለሁ።

የእናቴንም ፊት እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ። መስመሩን ባለፈው ሳምንት አሳይቼ «አገጯ በጥቂት ሚሊ ሜትር አጥሯል» ተብዬ አስረዝሜዋለሁ። ትናንት ትልልቁን ጥላ አስቀመጥኩ፣ ሽፋሽፍት እስካሁን አንድም የለም። ዛሬ ግድግዳው ላይ ለጥፌው አድራለሁ፣ ጠዋት መስኮቱ ሲበራ ፎቶ አነሳውና ስለ ጉንጯ ጥላ እጠይቃለሁ።