ሊቢያ ውስጥ ዘመዱ የታገተበት ቤተሰብ ለመርማሪ ማስረጃ እንዴት ያቆይ?

ለአጋቾች ማስለቀቂያ የከፈለ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከፍርሃትና ከሐዘን የተነሣ መልእክቱን ሁሉ ያጠፋል፤ መርማሪ አጥብቆ የሚፈልገው ግን እርሱኑ ነው። የኢትዮጵያ ፖሊስ የሊቢያዋ ባኒ ዋሊድ ከተማ ገብቶ ታጋቾች የሚያዙበትን መጋዘን ሊፈትሽ አይችልም፤ ገንዘቡ የገባበት የባንክ ሒሳብ ግን አገር ውስጥ የተከፈተ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከገንዘቡ ይጀምሩ። ደረሰኙን ሳይጥሉ የሒሳብ ቁጥሩን፣ የባለሒሳቡን ስም፣ መጠኑን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ በሐዋላ ከተላከም ገንዘቡን ማን፣ የት እንደተቀበለና በየትኛው ስልክ እንደተገናኛችሁ ይጻፉ። ባለሒሳቡ ተራ ተላላኪ ቢሆን እንኳ ገንዘቡን ለማን እንዳስተላለፈ ሊጠየቅ ይችላል።

መልእክቶቹ የደረሱበትን ስልክ አይሽጡ፣ አያጽዱት። የድምፅ መልእክትን ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ ብቻውን አይበቃም፤ የመጀመሪያው ላኪና የተላከበት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ስክሪንሾት ሲያነሡም ቁጥሩ «ደላላው» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ የሚታየው ይኸው ስም ነውና፣ ዝርዝሩን ከፍተው ሙሉ ቁጥሩን ከአገር መለያው (ለሊቢያ +218፣ ለሱዳን +249) ጋር ያንሡ።

ቃል ሲሰጡ ያዩትን ከሰሙት ይለዩ። አጋቾች በቅጽል ስም ስለሚጠሩ «እገሌ ነው» ከማለት «እገሌ ይሉታል» ማለት ይሻላል፤ መልኩን፣ የሚናገረውን ቋንቋና ጠባሳ ካለውም ያክሉ። ይህ ጥንቃቄ የበዛ እንዳይመስላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የአዘዋዋሪዎች አለቃ ነው ተብሎ ከሱዳን ለጣሊያን የተሰጠ ኤርትራዊ ወጣት፣ የፓሌርሞ ፍርድ ቤት በ2019 ሌላ ሰው መሆኑን እስኪወስን ድረስ ሦስት ዓመት ገደማ ታስሯል።

ጥቆማውን ለፌዴራል ፖሊስ፣ ውጭ የሚኖሩ ከሆነም ለሚኖሩበት አገር ፖሊስ ያቅርቡ። በአገራችን ወንጀሉ የሚታየው በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። ከዚያ በኋላ አገሮች የሚተባበሩባቸው፣ ሰዎች ግን አንዱን ከሌላው የሚያምታቷቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ የዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት የኢንተርፖል ነው፤ ፖሊስ ከፖሊስ መረጃ የሚለዋወጥበት ሲሆን፣ ተፈላጊን ለአገሮች የሚያሳውቅበት ቀይ ማስታወቂያውም በራሱ የእስር ትእዛዝ ስላልሆነ ተፈላጊው የተገኘበት አገር በራሱ ሕግ ይወስናል። ሌላው መንግሥታት በፓሌርሞው ስምምነት (ድንበር ተሻጋሪ የተደራጀ ወንጀልን በሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት) ወይም በሁለትዮሽ ውል መሠረት ማስረጃ የሚጠያየቁበት የሕግ ትብብር ነው፤ ይህኛው በእኛ በኩል በፍትሕ ሚኒስቴር ያልፋል፣ ይዘገያልም። ተጠርጣሪው ኢትዮጵያዊ ከሆነ የወንጀል ሕጉ ለውጭ አገር አሳልፎ መስጠትን ስለሚከለክል እዚሁ ይዳኛል።

መዘግየቱ ግን ጥቆማን ከንቱ አያደርገውም። ስደተኞችን ሊቢያ ውስጥ በማገትና በማሠቃየት የሚታወቀው አዘዋዋሪ ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተያዘው፣ በእጁ የተሠቃየ ሰው መንገድ ላይ አይቶ ለይቶት ለፖሊስ በመናገሩ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ችሎት ላይ ሳለ አመለጠ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ እንደገና ተያዘ። እንዲህ ያለ መዝገብ ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል የመዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪውን ስልክ ይያዙ፣ የራስዎ ስልክ ሲቀየርም ያሳውቁ። የሚያሰጋዎት ነገር ካለ በምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መሠረት ጥበቃ የሚጠይቁት ቃልዎን ከመፈረምዎ በፊት ቢሆን ይመረጣል።