ቮልስን በአየር ማንሳትና ማውረድ፦ የአየር ሰስፔንሽን አገጣጠም

የቮልስን ክብደት ፋብሪካው ያሸከመው ለሾክ አብዞርበሩ አይደለም። ከፊት በሁለት አግድም ቱቦዎች ውስጥ የተደረደሩ ስስ የብረት ቅጠሎች፣ ከኋላ ደግሞ በግራና በቀኝ በቱቦ ውስጥ የሚጠመዘዝ ወፍራም ዘንግ፣ ቶርሽን ባር የሚባለው፣ ናቸው መኪናዋን የሚይዟት። የአየር ሾክ፣ ማለትም በሚነፋ ጎሚኒ መኪናዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሾክ፣ ሲገጠም ያ ሸክም ሾኩ ወደታሰረበት ብረት ይዛወራል። በዚህ ሥራ ላይ የሚታየው ከባድ ብልሽት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚነሳው ከዚያ ነው፤ ስለዚህ ከኮምፕሬሰሩ በፊት ስለ ብረቱ አስቡ።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ሞዴሏን ለዩ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እስከ 1965 ሞዴል ድረስ የፊቱ እግር ኪንግፒን (ጎማው የሚዞርበት ቋሚ ፒን) ነው፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ቦል ጆይንት (ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ሆኗል። 1302 እና 1303 የሚባሉት ሞዴሎች ከፊት ቱቦ የላቸውም፤ በሞላና በስትራት፣ ማለትም ሞላውን በያዘ ቋሚ ሾክ፣ ስለሚሠሩ ለእነሱ የተዘጋጀ የአየር ስትራት ያስፈልጋቸዋል፤ ከዚህ በታች ስለ ፊቱ የተጻፈው አይመለከታቸውም። ኋላውን ከሥር ገብታችሁ እዩ። በእያንዳንዱ ጎን አክስሉ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን አንድ ብቻ፣ እሱም ካምቢዮው አጠገብ ከሆነ ስዊንግ አክስል ነው። ሁለት ከሆነ፣ አንዱ ካምቢዮው ጋ ሌላው እግሩ ጋ፣ ባለ ሁለት መገጣጠሚያ ነው። ባትሪውንም አረጋግጡ፦ ከ1967 ሞዴል በፊት የነበሩት 6 ቮልት ናቸው፣ ኮምፕሬሰሩ ደግሞ 12 ይፈልጋል። ባለ 6 ቮልት መኪና ከሆነች ዲናሞውን፣ ባትሪውንና አምፖሎቹን መጀመሪያ ወደ 12 ቀይሩ።

የሚገዛው ዕቃ ይህ ነው፦ አራት የአየር ሾክ፤ ቢያንስ 150 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የሚደርስ ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር፤ 11 ሊትር ገደማ የሚይዝ የአየር ታንክ ከሥሩ የውሃ ማፍሰሻ ያለው፤ በ110 አብርቶ በ145 ፒኤስአይ የሚያጠፋ የግፊት ማብሪያ፤ በ175 የሚተነፍስ የደኅንነት ቫልቭ፤ አየር የማይመልስ ቫልቭ፤ ውሃ መለያ፤ ለእያንዳንዱ እግር የራሱ የእጅ ቫልቭና ጌጅ፤ ለከባድ መኪና የአየር ፍሬን የሚሠራው ዓይነት ባለ 6 ሚሊሜትር ናይሎን ቱቦ 15 ሜትር ያህል፤ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ፤ ባለ 40 አምፔር ሪሌ (በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ)፤ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ። ኤሌክትሪክ ቫልቭ ያምራል፣ ግን ሲበላሽ በመንገድ ላይ አይጠገንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገጥም ሰው የእጁ ይሻላል።

ግራና ቀኙን በአንድ ቱቦ አገናኝቶ ዕቃ መቆጠብ አይቻልም። ኩርባ ላይ ሸክሙ የሚያርፍበት ጎን አየሩን ወደ ሌላኛው ይገፋዋል፤ መኪናዋም ይበልጥ ታጋድላለች። አራት እግር፣ አራት መስመር።

ሥራውን ከኋላ ጀምሩ። የፊት ጎማዎቹን በጉማጅ አስቁሙ፣ ቻሲውን በክሪክ ሳይሆን በማቆሚያ ላይ አሳርፉ፣ ጎማውን አውልቁ። ስፕሪንግ ፕሌቱ፣ ማለትም ከቶርሽን ባሩ ወደ እግሩ የሚሄደው ጠፍጣፋ ብራቾ፣ ከአክስሉ ጋር የታሰረበትን ቦታ በመሮ ምልክት አድርጉበት፤ ያ ምልክት ከጠፋ የኋላ እግሮቹ ቀጥታ ይዛባል። የእጅ ፍሬኑን ገመድ አላሉ፣ ሾኩን ፍቱ፣ አክስሉን ከፕሌቱ ለዩና ወደ ኋላ ሳቡት፤ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር እያያችሁ።

አሁን ፕሌቱ ከታች በሚያግደው የቻሲው ብረት ላይ ተወጥሮ ተቀምጧል። ከዚያ ላይ በድንገት ካመለጠ አጥንት ይሰብራል። ጫፉን በክሪክና በሰንሰለት ከቻሲው ጋር ያዙት፣ አንሱት፣ ከሚያግደው ብረት አስወጡትና ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት። እጅም እግርም ከሥሩ አይሁን። ውጥረቱ ካለቀ በኋላ የፕሌቱን ዝንባሌ በማዕዘን መለኪያ ለኩና ጻፉ፤ ያለዚህ ቁጥር የቀረው ሥራ ግምት ነው።

የቶርሽን ባሩ የውስጠኛ ጫፍ 40 ጥርስ፣ የውጪው 44 ጥርስ አለው። ውጪውን አንድ ጥርስ ማዞር 8 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ (60 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ነው)፣ ውስጡን አንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ ይለውጣል። አንዱን ወዲህ ሌላውን ወዲያ ስታዞሩ ልዩነቱ 50 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጎማው ላይ ስድስት ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ለአየር ሥራ ግን ውጪውን ብቻ አንድ ጥርስ፣ የፕሌቱ ጫፍ ወደ ላይ እንዲሄድ አድርጋችሁ፣ ማዞር ይበቃል፤ መኪናዋ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ የቀረውን አየሩ ያነሳል። ፕሌቱ ሲወጣ ዘንጉ አብሮት እንዳይንሸራተት ጫፉን በቀለም ምልክት አድርጉ። ከተንሸራተተ የውስጡ ጥርስ ሳይታወቅ ይለወጥና መኪናዋ አንድ ጎን ዘንበል ብላ ትቀራለች።

ቶርሽን ባሩን ጨርሶ አውጥቶ በአየር ብቻ ማቆም የሚፈልጉ አሉ። አይመከርም። ዘንጉ ዝቅ ብሎም ቢሆን ከተሸከመ፣ ቱቦ ቢፈነዳ ጎማው ፓራፋንጎ አይነካም፤ መኪናዋም ቀስ ብላ ቤት ትገባለች።

በስዊንግ አክስል ላይ ከመውረዱ ይልቅ መነሳቱ ነው አደጋው። ከመጠን በላይ ከተነፋች የኋላ ጎማዎች ከሥራቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በፍጥነት ኩርባ ስትይዙ አክስሉ ከሥሯ ይታጠፍና መኪናዋ ልትገለበጥ ትችላለች። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ከሚቆሙበት ከፍታ በላይ አትንዱ፤ ሾኩ ከዚያ አልፎ እንዳይዘረጋ የማቆሚያ ቀበቶ እሰሩበት።

የፊቱ ሥራ ብየዳ ስላለው ለሚያውቅ በያጅ ይሰጥ። የቤንዚን ታንከሩ በቀጥታ ከፊት አክስሉ በላይ ነው፤ ስለዚህ ታንከሩን አውጥታችሁ ከጋራዡ አርቁ፣ ባትሪውንም ፍቱ። ሾኩ ከላይ የሚታሰርበት፣ ከቱቦዎቹ ላይ እንደ ቀንድ የቆመው ብረት ለሾክ ንዝረት እንጂ ለመኪና ክብደት አልተሠራም። የአየር ሾክ ተገጥሞበት ሳይጠናከር የቀረ ቀንድ ከሥሩ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ በቀለምና በጭቃ ሥር ስለሚደበቅ ቶሎ አይታይም። ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ከፊትና ከኋላ ደግፋችሁ እስከ ታችኛው ቱቦ ድረስ አውርዱት። ቱቦው ውስጥ ግራሶና ኩሽኔታ አለ፤ ብየዳው በአጭር በአጭሩ፣ በየመሀሉ እየቀዘቀዘ ይሁን። በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ግራሶው ይቃጠላል፣ ቱቦውም ይጎብጣል።

ቅጠሎቹን መቀነስ የሚያስፈልገው መኪናዋ አየሩ ሲወጣ በቂ ካልወረደች ነው። በአንዱ ቱቦ ብቻ ጀምሩ። ከጠባቦቹ ቅጠሎች ጥቂቶቹን አውጡ፤ በእነሱ ፋንታ በሁለቱ ጫፎችና በመሀል፣ የመያዣ ብሎኑ በሚነክስበት ቦታ፣ ከወጡት ቅጠሎች የተቆረጡ አጫጭር ቁራጮች ክተቱ። ጥቅሉ እነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ ካልጠበቀ ብራቾው ይንቀጫቀጫል። ብሎኑ በቅጠሎቹ ላይ በተቀረጸው ጎድጓዳ ውስጥ መግባቱን ሳታረጋግጡ ዳዶውን አታጥብቁ፤ ከዚያ ውጪ ከተቀመጠ ብራቾው ከነጎማው እየተንሸራተተ ይወጣል።

ሾኮቹን ከገጠማችሁ በኋላ ከታች እስከ ላይ እያነሳችሁ፣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞራችሁ እዩ። የአየር ጎሚኒው ሲነፋ ዙሪያውን ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑረው። የሚነካው ነገር ካለ፣ ብሎን እንኳ ቢሆን፣ ይበሳዋል።

የአየር ታንኩ ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ይመቻል፤ ኮምፕሬሰሩም እዚያው በጎሚኒ ላይ ይታሰር። ሞተር ክፍል ውስጥ አታስገቡት፦ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ያንኑ አየር ይሻማል፣ የሚስበውም ትኩስ ይሆናል። ከኮምፕሬሰሩ ጋር የሚመጣውን በብረት የተጠለፈ ቱቦ አትጣሉት፤ ከኮምፕሬሰሩ ትኩስ ሆኖ የሚወጣው አየር ናይሎኑን ያለሰልሰዋል። ወደ ፊት የሚሄዱትን መስመሮች በወለሉ መሀል ባለው ዋሻ ውስጥ አታሳልፉ፤ የፍሪሲዮንና የቤንዚን ገመዶች ይመጋዟቸዋል። በበሩ ሥር ባለው ደፍ ውስጥም አይሆንም፤ የማሞቂያው ትኩስ አየር የሚያልፈው በዚያ ነው። ከምንጣፉ ሥር፣ በዋሻው ጎን አስኪዱ። ናይሎኑን በምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በፒንሳ የተቆረጠ ጫፍ ሞላላ ይሆንና ያፈሳል። የመገጣጠሚያዎቹ ጥርስ ላይ የማሸጊያ ቴፕ ስትጠቀልሉ የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተዉት፣ አለበለዚያ ብጣሹ ቫልቭ ውስጥ ገብቶ ይሰነቀራል።

ለሽቦው፣ ፊውዙን ከባትሪው 20 ሴንቲሜትር ሳይርቅ አስቀምጡት። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች በሪሌው እግሮች ላይ የተጻፉት ናቸው፦ ከፊውዙ ወደ ሪሌው 30፣ ከ87 ወደ ኮምፕሬሰሩ፣ በቁልፍ ከሚበራ መስመር በግፊት ማብሪያው በኩል ወደ 86፣ 85 ወደ ቻሲ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የወንበሩ ሞላ ምሰሶውን ነክቶ እሳት የተነሳባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ሽቦ ስትጨምሩ የባትሪውን ክዳን አትርሱ። ባለ 30 አምፔር ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ምንም ያህል አይሰጥም፤ ታንኩ የሚሞላው እየተነዳ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ ኮምፕሬሰሩ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ በላይ ይፈጅበታል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትመልሱት።

ሁሉንም ሞልታችሁ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀቡ፣ ጌጆቹን ጻፉ፣ አሳድሯት። ከ20 ፒኤስአይ በታች አትንዱ፤ የአየር ጎሚኒው ይታጠፍና ይቆረጣል። ከዚያ የምትነዱበትን አንድ ከፍታ ምረጡ፣ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ፣ የጎማ ቀጥታ የሚስተካከለው በዚያ ከፍታ ብቻ ነው። በሌላ ከፍታ ብዙ ከነዳችሁ ጎማው በአንድ ጠርዙ ያልቃል። ለዓመታዊ ቦሎ ስትቀርቡም በዚሁ ከፍታ ሂዱ፤ ለውጡ ተቀባይነት እንዳለው ደግሞ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መጠየቅ ይሻላል።

በክረምት የአየር ታንኩን ውሃ በየሳምንቱ አፍስሱ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ የጎማ ቫልቭ በቲ መገጣጠሚያ ጨምሩበት፦ ኮምፕሬሰሩ ቢቆም ማንኛውም ጎሚስታ በራሱ ቱቦ ይነፋላችኋል።